ሰፌዳችን ለምን ጎድጓዳ ይሆናል? (ስንደዶ፣ አክርማና አለላ)

የሳላይሿ እናት፦

ሰላም ለሁላችሁም። ያለነው ደሴ ነው። ትምህርት ስለተዘጋ ከ12 ዓመት ልጄ ጋር ሰፌድ መስፋት ጀምረናል። ያሰብነው ለቡና ቁርስ ቆሎና ዳቦ የሚቀርብበት፣ 36 ሳንቲ ሜትር ስፋት ያለው ዝርግ ሰፌድ ነው። መሐሉ ላይ በቀይና በአረንጓዴ አለላ (ቀለም በተነከረ ሣር) ኮከብ ይኖረዋል። የውስጡ ስንደዶ የሚባለው ሣር ነው፣ መጠቅለያው አክርማ የሚባለው። አሁን ዘጠነኛው ዙር ላይ ደርሰናል፤ ስፋቱ 11 ሳንቲ ሜትር ሆኗል።

አራት ነገር አስቸግሮናል።

አንደኛ፣ ሰፌዱ ዝርግ መሆን ትቶ እንደ ሳህን ጠርዙ እየተነሳ ነው። ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጥ ዳሩ ከመሐሉ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል። ሁለተኛ፣ አክርማው ጠበቅ ሲደረግ ይሰነጠቃል፤ ከሦስት አንዱ ይበጠሳል። ሦስተኛ፣ ቀዩ አለላ ነጩን አበላሸው፤ አጠገቡ ያለው አክርማ ሮዝ ሆኗል። አራተኛ፣ ለዚህ ስፋት ምን ያህል አክርማና ስንደዶ መግዛት እንዳለብን አናውቅም። መሐል ላይ አልቆ ሌላ ብንገዛ መልኩ እንዳይለያይ ሰጋን።

የተሰፋውን መፍታት ካለብን እንፈታለን፤ ግን ምክንያቱን ሳናውቅ ፈትተን ያንኑ ስህተት መድገም አንፈልግም።

---

የሆጤዋ፦

አብሽሪ እህቴ፣ ጎድጓዳ መሆኑ የሚስተካከል ነገር ነው፤ ምክንያቱም አንድ ነው። መጀመሪያ እሱን ልንገርሽ።

ሰፌድ ዝርግ የሚሆነው እያንዳንዱ ዙር ከበፊተኛው ዙር በተወሰነ ልክ ሲረዝም ብቻ ነው። የገመዱ ውፍረት (ስንደዶው በአክርማ ተጠቅልሎ ማለቴ ነው) 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ፣ እያንዳንዱ ዙር ከቀደመው ወደ 3.8 ሳንቲ ሜትር መርዘም አለበት። ሁለተኛውም ዙር ይሁን ሃያኛው፣ ጭማሪው ያው 3.8 ነው። ከዚህ ካነሰ ዙሩ ስለሚያጥርና ወደ ውስጥ ስለሚስብ ሰፌዱ ወደ ላይ ይነሳል፤ የእናንተ ይኸው ነው። ከበዛ ደግሞ ዳሩ እንደ ቀሚስ ጥልፍ ጠርዝ ይወዛወዛል። ሙዳይ የምትሰፋ ሴት ግድግዳውን የምታስነሳው ሆን ብላ ጭማሪውን በማስቀረት ነው። እናንተ ሳታስቡት ሙዳይ እየሰፋችሁ ነው ማለት ነው።

ታዲያ ጭማሪው ለምን ይቀራል? ሦስት ነገር እይ።

የመጀመሪያው ስንደዶውን መሳብ ነው። ብዙ ጀማሪ አክርማውን ሲያጠብቅ ስንደዶውንም አብሮ ይጎትታል። መጥበቅ ያለበት አክርማው ብቻ ነው። ስንደዶው በግራ እጅ አውራ ጣትና ጠቋሚ ጣት መካከል ልል ብሎ ይያዝ፤ በራሱ ቅስት ይሂድ። ከእጅሽ የሚወጣው የስንደዶ ጫፍ በየጊዜው የሚያጥር ከሆነ እየሳብሽው ነው።

ሁለተኛው አቀማመጥ ነው። አዲሱ ዙር ከበፊተኛው ጎን መተኛት አለበት፤ ጥቂት እንኳ ከላዩ ላይ ከወጣ በየዙሩ እየተደመረ ይነሳል። ሰፌዱን ጭን ላይ ይዞ መስፋት ይህን ያመጣል፣ ጭን ክብ ነውና። ለዝርግ ሰፌድ ጣውላ ወይም የዳቦ መጋገሪያ ትሪ ጭንሽ ላይ አድርጊና በሱ ላይ አስተኝተሽ ስፊ። ይህ ብቻውን ግማሹን ችግር ይፈታል ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛው ውፍረቱ ነው። በመሐል ሰባት ስንደዶ የነበረው ሳይታወቅ አምስት ይሆናል፣ ገመዱ ይቀጥናል፣ ዙሩም ያጥራል። ለዚህ ቀላል መለኪያ አለ፤ የለስላሳ መጠጫ ስትሮ 2 ሳንቲ ሜትር ቆርጣችሁ ስንደዶውን በውስጡ አሳልፉት። ስትሮው ሞልቶ ሳይጨናነቅ ሲንሸራተት ልኩ እሱ ነው። ላላ ሲል አንድ ስንደዶ ወደ መሐል ይገባል። አንድ ብቻ! ሁለትና ሦስት በአንድ ቦታ ከገባ እዚያ ላይ ጉብታ ይወጣል፣ እያንዳንዱ ቀጣይ ዙርም ያን ጉብታ ይደግመዋል።

አሁን ያለውን 11 ሳንቲ ሜትር በተመለከተ፦ 2 ሳንቲ ሜትር ከፍታ ለዚህች ጠባብ ስፋት ብዙ ነው፤ በመጫን ብቻ አይስተካከልም። ጠረጴዛ ላይ አስቀምጣችሁ ከየትኛው ዙር መነሳት እንደጀመረ በስንጥር ለኩ። ከመሐል እስከዚያ ዙር ያለውን ተዉት፣ ከዚያ ወዲህ ያለውን ፍቱት። ምናልባት አራትና አምስት ዙር ነው። ከዚያ የቀረውን በእርጥብ ጨርቅ አብሱትና በሁለት ጣውላ መካከል አድርጋችሁ መጅ ጫኑበት፣ ይደር። ጠዋት ጣውላው ይነሳና ጥላ ላይ ይድረቅ፣ ሳይደርቅ መስፋት አትቀጥሉ።

ወደፊት ከፍታው ከግማሽ ሳንቲ ሜትር በታች ሲሆን በመጫን ይመለሳል። ስለዚህ በየሦስት ዙሩ ጠፍጣፋ ነገር ላይ አስቀምጣችሁ እዩት። ዘጠኝ ዙር ሙሉ ሳይታይ መሄድ ነው ያስቸገራችሁ።

---

የሆጤዋ (ቀጥላ)፦

ስለ አጀማመሩ ረስቼ ነበር፤ ከፈታችሁት ምናልባት ከመሐል መጀመር ትመርጣላችሁ።

ስንደዶ ለመሐሉ አይሆንም። ወፍራም ስለሆነ በጠባቡ ክብ ላይ ሲታጠፍ ይሰበራል፤ ስብራቱም መሐሉን ሦስት ማዕዘን ያስመስለዋል። ለመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዙሮች የውስጡንም በአክርማ አድርጉት። ዐሥር ያህል የራሰ አክርማ ያዙ፣ ጫፉን ቀጭን እንዲሆን አበላልጣችሁ ቁረጡ፣ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ጥቅጥቅ አድርጋችሁ ጠቅልሉት፣ ከዚያ እንደ ቀንድ አውጣ ጠምዝዛችሁ ወስፌውን በመሐሉ አሳልፉ። ቀዳዳ መቅረት የለበትም። ከአራተኛው ዙር ጀምሮ አንድ አንድ ስንደዶ እያስገባችሁ፣ ሁለት ዙር ባልሞላ ጊዜ ውስጥ ወደ ሰባት አድርሱት።

ወስፌው ሁልጊዜ ከፊት ወደ ኋላ ይውጋ። በቀኝ እጅ ለሚሰፋ ፊቱ ወደ ራስ ሆኖ ዙሩ ወደ ግራ ይሄዳል። ልጅቱ ስትቀበልሽ ሰፌዱን ገልብጣ ከጀርባ ከወጋች፣ የሰፋችው ቦታ ከሩቅ ይታወቃል።

---

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦

የአክርማውን መበጠስ እኔ ልመልስ።

ወሩን እይው። አክርማ ክረምቱ ሲወጣ፣ መስከረምና ጥቅምት ላይ ደርሶ ነው የሚታጨደው። አሁን ሐምሌ ላይ ገበያ የሚገኘው የዐሥር ወር ዕድሜ አለው፤ ጥላ ውስጥ ያልቆየ ከሆነ ደግሞ ፀሐይ አድርቆታል። ስትገዙ አንዱን መዛችሁ ጠቋሚ ጣታችሁ ላይ ጠምጥሙት። ሳይነከር ሁለት ዙር ከታጠፈ ጥሩ ነው። ቀጭ ብሎ ከተሰበረ ደርቋል፤ ነክራችሁም ቢሆን ከሦስት አንዱ መበጠሱ አይቀርም። ቀለሙም ይናገራል፤ ወደ ወርቅ የሚያደላ ቢጫ ጤነኛ ነው፣ ግራጫ ነጠብጣብ ያለው ሻግቶ የደረቀ ነው። እሱን በምንም ዋጋ አትግዙ።

አነካከሩ፦ የምትሰፉትን ያህል ብቻ፣ ማለትም ለአንድ ቁጭታ 40 ወይም 50 ፍሬ፣ ለብ ባለ ውሃ 15 ደቂቃ። ከዚያ አውጥታችሁ አራግፉትና በእርጥብ ፎጣ ጠቅልላችሁ ግማሽ ሰዓት አቆዩት። ውሃው ወደ ውስጥ የሚዘልቀው በዚያ ግማሽ ሰዓት ነው። ብዙ ሰው ሌሊቱን ሙሉ ይነክራል፤ ያ ትልቅ ስህተት ነው። ውሃ የጠገበ አክርማ ያብጣል፣ አብጦ ሲሰፋ ጥብቅ ይመስላል፣ ሲደርቅ ግን ይሟሽሽና በየመሐሉ ስንደዶው ይታያል። ሰፌዱ በሳምንቱ ላላ ብሎ የሚገኘው ለዚህ ነው። ደግሞም የተረፈውን የራሰ አክርማ ለነገ ብላችሁ በፌስታል አታስሩት፤ በደሴ ብርድና ጉም በአንድ ሌሊት ይሸታል። ዘርግታችሁ አድርቁትና ነገ እንደገና ንከሩት። ሁለት ጊዜ ይችላል፣ ሦስተኛ ላይ ይሰባበራል።

ስንደዶ ግን ጨርሶ አይነከርም። ውስጥ ተዘግቶ የቀረ እርጥበት መውጫ የለውም፣ ይሻግታል። ሻጋታው ከወር በኋላ እንደ ጥቁር ነጥብ ብቅ ይላል፤ ያኔ የሚደረግ ነገር የለም።

አሰነጣጠቁም አለበት። አክርማው ከወፍራሙ ጫፍ በኩል በጥፍር ወይም በጥርስ ይከፈትና ለሁለት ይሰነጠቃል። ሁለቱን ግማሾች በእኩል ኃይል ካልሳባችሁ ስንጥቁ ወደ አንዱ ያደላና መሐል ላይ ይቀጥናል። ያ የቀጠነ ቦታ ነው ኋላ የሚበጠሰው። ወደ ቀኝ ሲያደላ ካያችሁ የቀኙን ያዝ አድርጋችሁ ወፍራሙን በግራ ሳቡ፤ ስንጥቁ ወደ መሐል ይመለሳል። ከሰነጠቃችሁ በኋላ ስፋታቸው እኩል የሆኑትን አንድ ላይ ለዩ። ለዚህ ሥራ 2 ሚሊ ሜትር ጥሩ ነው። ሲሰፋ የሚያብረቀርቀው ጎን ወደ ውጭ።

ወስፌውንም እዩት። ጫፉ ሹል ሆኖ ጎኑ ሻካራ ከሆነ አክርማውን ይፍቀዋል። ለስላሳ ድንጋይ ላይ ጥቂት ዘይት ጠብ አድርጋችሁ ጎኑን አሹት። ውፍረቱ ከ2 ሚሊ ሜትር ከበለጠ ቀዳዳው አክርማው ከሚሞላው በላይ ይሰፋል፣ ሰፌዱም በብርሃን ፊት ሲያዝ እንደ ወንፊት ያሳያል።

---

የሳላይሿ እናት፦

እግዜር ይስጥልኝ ሁለታችሁንም። የገዛነው አክርማ ጣት ላይ ሲጠመጠም ተሰበረ፤ ግራጫ ነጥብም አለበት። ሌሊቱን ነው ስንነክረው የነበረው። እንቀይረዋለን። አለላውስ? ቀለሙን ራሳችን ነን የነከርነው፣ ገበያ በብጣሽ ወረቀት ተጠቅልሎ የሚሸጠውን ዱቄት። 20 ደቂቃ ቀቅለን አወጣነው።

---

ባለ አለላ፦

20 ደቂቃ ለደሴ አይበቃም። ደሴ ወደ 2,500 ሜትር ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ የሚፈላው 92 ዲግሪ ገደማ ላይ ነው፤ ፈልቶ ሲንተከተክ ብታዪውም ሙቀቱ ከዚያ አይበልጥም። ቀለም ወደ አክርማው እንዲዘልቅ ሙቀትና ጊዜ ይፈልጋል፤ ሙቀቱ ካነሰ ጊዜው ይረዝማል። ከ45 ደቂቃ እስከ አንድ ሰዓት ስጡት።

ከዚያ በፊት ግን አክርማው መታጠብ አለበት። ላዩ ላይ ተፈጥሯዊ ሰም አለው፤ የሚያብረቀርቀው እሱ ነው። ሰሙ ሳይለቅ የተነከረ ቀለም ላዩ ላይ ተለጥፎ ይቀራል እንጂ አይገባም፣ ውሃ ሲነካው ይለቃል። በፈላ ውሃ ጥቂት የልብስ ሳሙና ቀልጦበት 10 ደቂቃ ይንተክተክ፣ ከዚያ አለቅልቁት። ውሃው ወደ ቢጫ ይለወጣል፣ ይኸው ሰምና አቧራው ነው።

መጠኑ እንዲህ ነው። በ3 ሊትር ውሃ ሁለት ጭብጥ የተሰነጠቀ አክርማ፣ አንድ የሻይ ማንኪያ ቀለም፣ ሁለት የሾርባ ማንኪያ ጨው። ቀለሙ መጀመሪያ በትንሽ ሙቅ ውሃ ተበጥብጦ በጨርቅ ይጠለል፤ ያልሟሟ ዱቄት አክርማው ላይ ካረፈ ነጠብጣብ ይሠራል። አክርማው እርጥብ ሆኖ ይግባ። ጨውን መጀመሪያ ላይ አትጨምሩት፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ነው። ጨው ቀለሙን ከውሃው ወደ አክርማው ይገፋዋል፣ ከጅምሩ ከገባ ግን ቀለሙ በአንድ ቦታ ይጠጣና ዝንጉርጉር ይሆናል። ከእሳት ከወጣ በኋላ እዚያው ውሃ ውስጥ ይቀዝቅዝ፣ ቢያድር ይሻላል። በማግሥቱ ውሃው ጥርት እስኪል ድረስ አለቅልቁት። አራትና አምስት ውሃ ይወስዳል፣ ቀይ ደግሞ ከሁሉም ይብሳል። ሦስተኛው ላይ ሰልችቶ የሚያቆም ሰው ነው ነጩን የሚያበላሸው።

ፈተናው፦ የደረቀውን አለላ በእርጥብ ነጭ ጨርቅ ጠበቅ አድርጎ መሳብ። ጨርቁ ከቀላ አልጨረሰም።

የምታበስሉበትን ድስት ለዚህ አትንኩ። አሮጌ ብረት ድስት ወይም ጣሳ ለብቻው ይኑር፣ መስኮት ይከፈት፣ እጅም ይሸፈን። ልጅቱ ዱቄቱን ባትበጠብጥ ይሻላል፤ በትንፋሽ ይገባል።

---

የገራዶ፦

በጨው ፋንታ ኮምጣጤ የሚሻል ይመስለኛል፤ ቀዩን አጥብቆ ይይዘዋል።

---

ባለ አለላ፦

ቀለሙ ላይ ነው የሚወሰነው። ኮምጣጤ የሚሠራው ለሱፍና ለሐር በተሠራ ቀለም ላይ ነው፤ ያ ቀለም ደግሞ ሣር ላይ ደህና አይዝም። ለጥጥ የተሠራው ለሣርም ይሆናል፣ እሱ የሚፈልገው ጨው ነው። የገበያው ዱቄት ጽሑፍ ስለሌለው የትኛው እንደሆነ አይታወቅም፤ ስለዚህ ሁሉንም ከመንከር በፊት መሞከር ግዴታ ነው። አንድ ቁራጭ ነጭ የጥጥ ፈትልና አንድ ቁራጭ የበግ ሱፍ በትንሽ ጣሳ አብራችሁ ቀቅሉ። ፈትሉ ደምቆ ሱፉ ከፈዘዘ ለሥራችሁ የሚሆን ነው፣ ጨው ተጠቀሙ። ሱፉ ደምቆ ፈትሉ ሲታጠብ ከነጣ ያን ቀለም ተዉት። በኮምጣጤም በጨውም ብትታገሉ ይለቃል።

አንድ ነገር ልጨምር። ጥሩ የተነከረ አለላም ቢሆን ከነጩ ጋር በአንድ ውሃ አይነከርም። ስትሰፉ ነጩ በውሃ ይራስ፣ አለላው ግን በእርጥብ ጨርቅ ብቻ ተጠቅልሎ ይለስልስ። ሮዝ የሆነባችሁ ምናልባት በዚህም ነው።

ሮዝ የሆነውን ማንጣት አይቻልም። በረኪና አክርማውን ይበላዋል፣ በወሩ ይፈረካከሳል። ያንን ክፍል ፍቱት።

---

ቦርከና ማዶ (ኮምቦልቻ)፦

ስለ ማድረቁ፦ አለላ በፀሐይ አይደርቅም፣ ቀለሙ ይመጠጣል። እዚህ ኮምቦልቻ ጥላ ላይ በአንድ ቀን ይደርቃል፣ ከደሴ ሞቅ ስለሚል። ደሴ በሐምሌ ሁለትና ሦስት ቀን ቁጠሩ፤ ቤት ውስጥ ገመድ ላይ በትንንሽ እስር ተንጠልጥሎ። ወፍራም እስር ከሆነ መሐሉ ሳይደርቅ ይሻግታል።

---

ቆጣሪዋ፦

ልክ የጠየቅሽውን በሂሳብ እንሥራው፤ በግምት ከመግዛት ይሻላል።

ስፋቱ 36 ሳንቲ ሜትር፣ ገመዱ 6 ሚሊ ሜትር ከሆነ 30 ዙር ይወጣል። ሰፌዱ ቢተረተር የገመዱ ርዝመት 17 ሜትር ገደማ ነው። አክርማው 2 ሚሊ ሜትር ስፋት ስላለው በአንድ ሳንቲ ሜትር አምስት ጊዜ ይጠቀለላል። አንዱን ጥቅል አንድ ወስፌ ብዬ ልጥራው። 17 ሜትር ላይ 8,500 ወስፌ ማለት ነው። አንድ ወስፌ 2.5 ሳንቲ ሜትር አክርማ ይበላል፣ በገመዱ ዙሪያ ሄዶ የታችኛውን ዙር ጨብጦ ስለሚመለስ። ድምሩ 212 ሜትር። ከአንድ ስንጣቂ ጫፍና ጭራው ተቆርጦ 35 ሳንቲ ሜትር ቢሠራበት፣ 600 ስንጣቂ ይፈጃል። ለሚበጠሰው ሩብ ጨምሩበት፤ 750 ስንጣቂ፣ ማለትም 375 ሙሉ አክርማ። ስንደዶው ሰባት በሰባት ሲሄድ 120 ሜትር ያህል ነው፣ እያንዳንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ቢያገለግል 300፤ 350 ግዙ።

እስሩ ከሻጭ ሻጭ ስለሚለያይ በእስር አትግዙ። አንዱን እስር ቆጥራችሁ ስንት እንደሚያስፈልግ አባዙ። ሁሉንም ከአንድ ሰው፣ በአንድ ቀን። የሌላ ማሳ አክርማ ሲደርቅ ሌላ ቢጫ ነው፤ መሐል ላይ ከተቀላቀለ ቀለበት ሆኖ ይታያል። የተለያየ መልክ ያለው ከገዛችሁ ግን ከመጀመሪያው ጀምሮ አቀላቅላችሁ ስፉት፣ ያኔ አይታወቅም።

አለላውንም በአንድ ድስት በአንድ ጊዜ ንከሩ። ለአለላው ከ750ው 250 መድቡ፣ ለቀይና ለአረንጓዴ እኩል።

ኮከቡ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው የሚሳሳትበት ነገር አለ። የሆጤዋ ያለችው 3.8 ሳንቲ ሜትር ጭማሪ በወስፌ ሲቆጠር 19 ነው። በየዙሩ 19 ወስፌ ይጨመራል ማለት ነው። ስምንት ክፍል (አራት ባለ ቀለም፣ አራት ነጭ) ካደረጋችሁ ለእያንዳንዱ ክፍል በየዙሩ ሁለት ከምናምን ይደርሰዋል። ስለዚህ ሁለት፣ ሁለት፣ ሦስት እያላችሁ ጨምሩ። ቁጥሩ ሳይጨመር የቀለሙ ክፍል እኩል ከቀረ ጨረሩ እንደ ጠባብ ጎዳና ቀጥ ብሎ ይሄዳል፣ ነጩ ብቻ እየሰፋ። ያ በራሱ መልክ አለው፣ ግን ኮከብ አይሆንም። ጫፉ እንዲሾል ከፈለጋችሁ ከ13ኛው ዙር ጀምሮ ከባለ ቀለሙ ክፍል በሁለቱም ጎን አንድ አንድ እየቀነሳችሁ ለነጩ ስጡት። በ13ኛው ዙር አንዱ ክፍል 31 ወስፌ ገደማ ይሆናል፤ በየዙሩ ሁለት ሲቀንስ በ16 ዙር ያልቃል፣ ስለዚህ ጫፉ ልክ ከዳሩ አጠገብ ይወድቃል። ቀድሞ እንዲሾል ከተፈለገ በየጎኑ ሁለት ሁለት።

ጭማሪው የሚደረገው የታችኛው ዙር አንዱ ክፍተት ውስጥ ሁለት ጊዜ በመውጋት ነው። በአንድ ቦታ አትሰብስቡት፣ በዙሩ ሁሉ ይበተን። ካልጨመራችሁ አክርማው ይራራቅና ስንደዶው ያፈጣል።

ስምንቱን የክፍል ድንበሮች በነጭ የስፌት ክር ምልክት አስሩባቸው። ልጅቱ ቆጣሪ ትሁን፤ ለ12 ዓመት ልጅ የሚሆን ሂሳብ ነው፣ ዙር ሲሳሳትም ቶሎ የምታየው እሷ ናት።

---

የገራዶ፦

ስለ ጊዜው ማንም አላነሳም። በደቂቃ አምስት ወስፌ ቢሄድ 8,500 ማለት 28 ሰዓት ነው። ቀን ሁለት ሰዓት ቢሰፋ ሁለት ሳምንት። ለልጅ ረጅም ነው። 15 ሳንቲ ሜትር የሆነች ትንሽ ሰፌድ ግን 3 ሜትር ገመድ፣ 1,500 ወስፌ፣ አምስት ሰዓት ብቻ ናት። ለስኒ ማስቀመጫ ወይም ለዕጣን ዕቃ ሥር ትሆናለች። ልጅቱ እሷን ለብቻዋ ይዛ ብትጀምር፣ እጇ ሲለመድ ትልቁን ብታግዝ እመርጣለሁ። ሁለት እጅ አንድ ሰፌድ ላይ ሲፈራረቅ የአጠባበቁ ልዩነትም ይታያል፤ የእናት ዙር ጥብቅ፣ የልጅ ዙር ላላ። ከተፈራረቃችሁ አይቀር አንድ ሙሉ ዙር ጨርሳችሁ እንጂ መሐል ላይ አትቀያየሩ።

ወስፌው ሲወጋ የግራ እጅ ጣት ከመውጫው ጀርባ አይሁን። ወፍራም የቆዳ ቁራጭ ጣቷ ላይ ጠምጥሚላት። እና ወስፌውን በማዞር እንጂ በመግፋት አታሳልፍ፤ የሚገፋ ወስፌ ድንገት ያልፋል።

---

የሳላይሿ እናት፦

ይኼ ሁሉ! አላህ ይስጣችሁ። ትንሿን ለእሷ ለብቻዋ እንጀምራለን። አንድ ጥያቄ ብቻ ቀረኝ፦ አጨራረሱ። የመጨረሻው ዙር ላይ ጫፉ እንደ ደረጃ እንዳይቀር ምን ይደረጋል? ከተጠናቀቀ በኋላስ በዚህ ክረምት የት ይቀመጥ?

---

የሆጤዋ፦

ደረጃው እንዳይቀር መጨረሻው ከመጀመሪያው ጋር በአንድ አቅጣጫ ይዋል። የመሐሉ ዙር የጀመረበትን ጎን በክር ምልክት አድርጊ፣ ሠላሳኛው ዙርም እዚያው ጎን ይለቅ። ለመጨረሻው 12 ሳንቲ ሜትር ስንደዶ መጨመር አቁሚና ካሉት ሰባት በየሁለት ሳንቲ ሜትሩ አንዱን በሰያፍ ቁረጪ። ገመዱ እንደ አይጥ ጭራ እየቀጠነ ከበፊተኛው ዙር ጋር ይዋሐዳል። የመጨረሻውን አክርማ ወስፌ በስፋት በከፈተው ቀዳዳ በኩል ወደ ኋላ አራትና አምስት ወስፌ ያህል መልሰሽ ቅበሪው፣ ከዚያ ጠበቅ አድርገሽ ሳቢና ሥሩ ላይ ቁረጪ። ከጠርዙ ጋር ልክ አድርገሽ ከቆረጥሽ ሲደርቅ ገባ ይላል፣ ምንም አይታይም።

ዳሩ እንዲጠነክር ከተፈለገ በመጨረሻው ዙር ላይ በአለላ ወደ ኋላ ተመልሶ መስቀለኛ መስፋት አለ፤ ከቀኝ ወደ ግራ የተሰፋውን ከግራ ወደ ቀኝ በየሦስት ወስፌው እያለፉ። ለዘወትር አገልግሎት የሚውል ሰፌድ ቀድሞ የሚያልቀው በዳሩ ስለሆነ ይህን አትዝለሉት።

ካለቀ በኋላ አንድ ጊዜ በእርጥብ ጨርቅ ይታበስና በጣውላ መካከል በመጅ ይደር፤ የመጨረሻ ቅርጹን የሚይዘው ያን ሌሊት ነው። ሁለት ቀን ጥላ ላይ ይድረቅ።

አቀማመጡ ግድግዳ ላይ ነው፣ ግን ከውጭ ግድግዳ ጋር አይጠጋ። ደሴ በክረምት የውጩ ግድግዳ ላብ ያወጣል፣ የሰፌዱ ጀርባ ይሻግታል። ክፍሎችን በሚለየው ግድግዳ ላይ፣ ከመስኮት ፀሐይ ራቅ ብሎ ይሰቀል። ፌስታል ውስጥ ፈጽሞ አይግባ። ሻጋታ ብቅ ካለ ወዲያው በደረቅ ብሩሽ ይጠረግና ኮምጣጤ በነካ ጨርቅ ይታበስ፣ ከዚያ ነፋስ ላይ ይቆይ። ቆሎ ሲቀርብበት ምንም አይደለም፤ ትኩስና እርጥብ ዳቦ ከሆነ ግን ንጹሕ ጨርቅ ወይም የእንሰት ቅጠል ይነጠፍበት፤ እንፋሎቱ አለላውን ያለሰልሰዋል፣ ያልታወቀ ቀለምም ምግብ ባይነካ ነው የሚሻለው።

---

ባለ አለላ፦

አረንጓዴውን ስትነክሩ የሻይ ማንኪያዋን ግማሽ አድርጉት። አረንጓዴ ዱቄት ከቀይ ይልቅ ይጠቁራል፤ ሙሉ ከገባ ሲደርቅ ጥቁር መስሎ ይቀርና ከነጩ ጋር አያምርም። ስንጣቂውን በ30ኛው ደቂቃ አንድ መዝዛችሁ አድርቁና እዩት፤ እርጥቡ ሁልጊዜ ከደረቁ ይደምቃል።